ጥርስ የሚያወጣው ስለት፦ ከጋፋት እስከ አቃቂ

በደቡብ ጎንደር፣ በመካነ ኢየሱስም ሆነ በንፋስ መውጫ፣ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ያለው ሰው ሞተሩ ቢቆም ብዙም አይደነግጥም። ሞተር ፈቶ የሚገጥም መካኒክ አይጠፋም፤ ኩሽኔታውም ቺንጋውም ከባሕር ዳር ይመጣል። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከመጭመቂያው ጎን ባለው የማርሽ ሳጥን ውስጥ አንዲት ትንሽ ማርሽ ሁለት ጥርስ ስታወልቅ ነው።

ያን ጊዜ የሚመጣው ምክር የታወቀ ነው። አንዱ ጥርሱን በብየዳ ሞልቶ በሞረድ መቅረጽ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በዕለቱም ያልቃል። ሆኖም በዓይን ልክ የተሞረደ ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ቅርጽ የለውም፤ ማርሹ በዞረ ቁጥር እዚያ ጥርስ ላይ ሲደርስ ይመታል፣ ምቱም ውሎ አድሮ ጤነኛውን ጥርስ ያወልቃል። ሌላው ምክር አሮጌውን ማርሽ በፌስታል ቋጥሮ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መውረድና አምሳያውን መፈለግ ነው። ሲገኝ ደስ ይላል። ማሽኑ የቆየ ከሆነ ግን አይገኝም፤ የመጨረሻው አማራጭ ሳጥኑን ሙሉ መለወጥ ይሆናል፣ ዋጋውም እንደ ስሙ ሙሉ ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ማርሹን እዚያው መቁረጥ። በደቡብ ጎንደር የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ቶርኖ ብርቅ አይደለም፣ ፍሬዛ ማሽን ያላቸውም አሉ። ክብ ብረት ማውጣት፣ መሐሉን መብሳት፣ ዙሪያውን በእኩል መክፈል ለሠለጠነ ልጅ ከባድ ሥራ አይደለም። የሚጎድለው ጥርሱን የሚያወጣው ስለት ነው። ለዚያ ማርሽ ልክ የሆነ መቁረጫ ከሌለ ፍሬዛው ቆሞ ያያል። ይህ ዳሰሳ የሚያነሳውም ይህንኑ ነው፤ ማርሽ የሚቆርጠው መሣሪያ እንዴት ይነደፋል፣ በአገር ውስጥስ እስከምን ድረስ ሊሠራ ይችላል?

ከብረት ሥራ አንጻር ካየነው ይህ አገር ለጥያቄው እንግዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር ጥግ ባለችው ጋፋት፣ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን መድፍ ያስቀልጡ እንደነበር ይታወቃል። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ጓደኞቻቸው ከባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹ መድፍ ማቅለጥ ጨርሶ ሥራቸው አልነበረም። ከብዙ ሙከራ በኋላ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፉ በጋይንት ምድር አልፎ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ደጋ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ዛሬ ምስሉ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

በታሪኩ ብዙም የማይነሳው ክፍል ግን የሌላኛው ጭነት ዕጣ ነው። ቴዎድሮስ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ባለሙያና ማሽን እንዲያመጣላቸው ነበር። ሰዎቹም መሣሪያውም በ1866 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደርሰው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ጉዳይ ስላልተፈታ ወደ ደጋው ሳይወጡ በቀጣዩ ዓመት ተመለሱ። ጋፋት ማቅለጥን አገኘች፣ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ግን አላገኘችም። በዚህ ጸሐፊ ግምት ትልቁ ኪሳራ ከመድፉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ መድፍ በሸክላ ቅርጽ ይፈስሳል፣ ማርሽ ግን ከመፍሰሱ በኋላ መቆረጥ አለበት። ስሙ እንኳ አልጠፋም፤ በዘመናችን አንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጋፋት ተብሏል፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ተቋሙን በዚሁ ስም ይጠራዋል።

ጥርስ አውጪ ስለት ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕውቀት ግማሹ በየመንደሩ አለ። የጉና ተራራ ሥር ገበሬ የሚያርስበትን ማረሻ የሚያሾልለት ቀጥቃጭ ብረቱ በምን ቀለም ሲግል ከእሳቱ እንደሚወጣ፣ ውሃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነከር፣ ተነክሮም እንዳይሰበር መልሶ እንዴት እንደሚለዝብ ከአባቱ ተምሯል። ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ለመጥረቢያ ጥሩ እንደሆነ የሚያውቀውም እሱ ነው። ጠይብ እየተባለ የተናቀ፣ ምኒልክ በአዋጅ እንዳይሰደብ እስኪከለክሉ ድረስ የተዋረደ ሙያ ነው። ሌላው ግማሽ ዕውቀት ሒሳብ ነው፤ ችግሩ ሁለቱ ባለቤቶች እስካሁን በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙም አለመገናኘታቸው ነው።

ሒሳቡ ከጥርሱ ቅርጽ ይጀምራል። የዛሬ ማርሾች ሁሉ ማለት ይቻላል ጎናቸው ኢንቮሉት በሚባል ጠመዝማዛ የተሠራ ነው። ከእንዝርት ላይ የተጠመጠመ ክር ወጥሮ ሲፈቱት የክሩ ጫፍ አየር ላይ የሚስለው መስመር ያ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦይለር የተባለው የሒሳብ ሊቅ ለማርሽ ይሁን ያለው ይህ መስመር ትልቅ ጸጋ አለው፤ ሁለቱ ማርሾች ትንሽ ቢራራቁ እንኳ ፍጥነታቸው ሳይንገጫገጭ ይተላለፋል። ጣጣው ደግሞ ቅርጹ በጥርሱ ቁጥር መለዋወጡ ነው። ባለ 12 ጥርስ ማርሽ ጎኑ በጣም የጎበጠ ነው፣ ባለ 100 ጥርሱ ቀጥ ወደ ማለት ይጠጋል። ስለዚህ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚቆፍር መቁረጫ በጥርስ ቁጥር ልክ መለያየት ነበረበት።

የዓለም ኢንዱስትሪ ከዚህ ጣጣ የወጣው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ቅርጽ ያለው ዲስክ መቁረጫ ነው፤ ስለቱ የክፍተቱን ቅርጽ ይዞ ክፍተቱን አንድ በአንድ ይቆፍራል። በ1864 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆሴፍ ብራውን የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት ብልሃት ይህን መሣሪያ ለሰፊ ሥራ አበቃው፤ ጀርባው እየተጎደጎደ የሚሄድ፣ ፊቱን ብቻ እየሳሉት የጎኑ ቅርጽ የማይለወጥ ስለት። ከዚያ በፊት መቁረጫን መሳል ማለት ቅርጹን ማበላሸት ነበር። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ስብስብ ለአንድ የጥርስ መጠን 8 መቁረጫ አለው፤ አንዱ 135 ጥርስና ከዚያ በላይ ላለው፣ ሌላው ከ55 እስከ 134፣ እያለ ወርዶ አንዱ ከ17 እስከ 20፣ የመጨረሻው ለ12 እና ለ13።

ሁለተኛው መንገድ ማርሹንና መቁረጫውን አብሮ ማዞር ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ፋውተር በ1897 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ማሽን የሚሠራበት፣ ሆብ የሚባለው መቁረጫ ጎኑ ቀጥ ያለ ጥርስ ያለው ጠመዝማዛ ብረት ነው፣ በቁመቱ ቦይ ወጥቶለት ስለት ሆኗል። ሆቡና ማርሹ ተያይዘው ሲዞሩ ቀጥታው ጎን ራሱ ኢንቮሉቱን ይወልደዋል። አንድ ሆብ ለአንድ ሞጁል፣ ማለትም ለአንድ የጥርስ መጠን፣ ከበቃ ለ20 ጥርስም ለ90 ጥርስም ይሆናል። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ፌሎውስ በማርሽ ቅርጽ የተሠራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚጠርብ መሣሪያ አወጣ፤ ትከሻ ላለው ማርሽና ለውስጥ ጥርስ እስከ ዛሬ ይህ ይመረጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ትልልቆቹ ወርክሾፖች በሁለቱም መንገድ ሄደዋል። የድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ የፈረንሳይ ዘመን ማሽኖቹን ይዞ ለዘመናት የራሱን መለዋወጫ ሲሠራ ኖሯል። የአቃቂው መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ማቅለጫ፣ መቀጥቀጫ፣ ማሽን መቁረጫና ብረት ማጠንከሪያ በአንድ ግቢ የሰበሰበ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የብረታ ብረት ኮርፖሬሽን፣ በሜቴክ ሥር አቃቂ ቤዚክ ሜታልስ ተብሎ ነበር። የሕብረት ማሽን ፋብሪካም አለ። በባሕር ዳር በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ለክልሉ የመጀመሪያዎቹን የማሽን ባለሙያዎች አፍርቷል። እነዚህ ግን ለስኳር ፋብሪካ፣ ለሲሚንቶና ለጨርቃ ጨርቅ ጥያቄ የተዘጋጁ ናቸው። የስማዳ ወገዳ ነጋዴ አንዲት ማርሽ ይዞ ቢመጣ ለአንዲት ማርሽ ማሽን የሚያዘጋጅለት አይኖርም፤ ቢኖርም ለጉዞና ለወረፋ የሚያወጣው ከማርሹ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በትልቁ ፋብሪካና በወረዳው ወርክሾፕ መካከል ያለው ክፍተት ይህ ነው።

ለወረዳ ወርክሾፕ ታዲያ የትኛው መንገድ ይሻላል? ሆብ መሥራት አይታሰብ። ጎኑ ቀጥ ያለ መሆኑ ቀላል ያስመስለዋል፣ ግን ጠመዝማዛው፣ ቦዩና የጀርባው ጉድጓድ እርስ በርስ መጣጣም አለባቸው፤ ማሽኑም ሌላ ወጪ ነው። 8 መቁረጫ ያለው ስብስብ ደግሞ ለአንድ ሞጁል ብቻ ስለሆነ፣ ሞጁል 2፣ 2.5፣ 3 እና 4 ይሟላ ቢባል 32 መቁረጫ ይገዛል፤ ብዙዎቹ ሳይነኩ ዝገው ይቀራሉ። የቀረው ለተሰበረው ማርሽ ብቻ የሚሆን መቁረጫ እዚያው መሥራት ነው። አስቸጋሪ ይመስላል፤ ከቀረበው ስብስብ ግን የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ከ17 እስከ 20 ጥርስ የሚሆነው የፋብሪካ መቁረጫ የተቀረጸው ለ17 ጥርስ ነው፤ 20 ጥርስ ሲቆረጥበት በመጠኑ ያጭበረብራል። ለ20 ብቻ የተሰላ መቁረጫ ይህ ጉድለት የለበትም።

ሥራው ከልኬት ይነሳል። ጥርሱን መቁጠር፣ የውጭ ዲያሜትሩን በካሊፐር መለካት፣ ዲያሜትሩን በጥርስ ቁጥር ሲደመር 2 ማካፈል። 20 ጥርስና 44 ሚሊ ሜትር ከሆነ 44 ለ22 ሲካፈል 2 ነው፤ ሞጁል 2። 46.6 ገደማ ከመጣ ግን ማሽኑ የእንግሊዝ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የድሮ የእንግሊዝ ማሽኖች በኢንች የሚቆጠር ሌላ መለኪያ አላቸው፣ የቻይናና የሶቭየት ማሽኖች ደግሞ በሞጁል ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው፣ በግፊት ማዕዘኑ (ጥርስ ጥርስን በሚገፋበት ማዘንበል) ላይ ነው። ዛሬ 20 ዲግሪ የተለመደ ቢሆንም ከቆዩት ብዙዎቹ 14.5 ናቸው። በዓይን አይለዩም። በካሊፐር ግን ይለያሉ፤ 3 ጥርስ አቅፎ መለካት፣ ቀጥሎ ያልተበላ ቦታ ላይ 2 ጥርስ አቅፎ መለካት፣ ልዩነቱን ማየት። ለሞጁል 2 ልዩነቱ 5.90 ሚሊ ሜትር ከሆነ 20 ዲግሪ ነው፣ 6.08 ከሆነ 14.5። ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ ተራ ካሊፐር ይይዘዋል።

አሁን መቁረጫውን መንደፍ ይቻላል። የማርሹ ጥርስ ጎን የጎበጠ ስለሆነ የመቁረጫው ጎን ገባ ያለ መሆን አለበት። ኢንቮሉቱን ሙሉ ለሙሉ መሳል ሳያስፈልግ ለትንሽ ማርሽ አንድ የክብ ቁራጭ ይተካዋል። ሞጁል 2 ባለ 20 ጥርስ ማርሽ የመገናኛ ክቡ (ሁለቱ ማርሾች የሚነካኩበት ክብ) ራዲየስ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን በ20 ዲግሪ ሳይን ማባዛት 6.84 ይሰጣል። ስለዚህ ዲያሜትራቸው 13.68 የሆነ ሁለት ትናንሽ ክብ ብረቶች በቶርኖ ተሠርተው፣ ተጠንክረው፣ መሐል ለመሐል 15.59 ተራርቀው በአንድ መያዣ ላይ ይታሰራሉ። ይህ መያዣ እንደ ቶርኖ ቢላ ሲሠራበት በመቁረጫው ላይ ሁለቱንም ጎን ባንድ ጊዜ ያወጣል። በጥርሱ ጫፍ ላይ ከእውነተኛው ኢንቮሉት የሚለየው በየጎኑ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በማይሞላ መጠን ነው፤ የሚለየውም ጥርሱን በማቅጠን ስለሆነ ማርሹን አያናክስም። ለዘይት መጭመቂያና ለሊጥ ማቡኪያ ከበቂ በላይ ነው።

ቀጥሎ ጀርባው አለ። ስለት ከኋላው ካልተጎደጎደ ብረት ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይበላም። ፋብሪካዎች ለዚህ ልዩ ቶርኖ አላቸው። ወርክሾፕ ግን መቁረጫውን ከመሐሉ ትንሽ አፈንግጦ አስሮ፣ አንድ ጥርስ ሠርቶ፣ አዙሮ ሌላውን መሥራት ይችላል። ይህም ከከበደ አንድ ስለት ብቻ ያለው መቁረጫ አለ፤ አንዲት ቢላ በመያዣ ውስጥ ታስራ ትሽከረከራለች። ቀርፋፋ ናት። መያዣዋ 50 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ከሆነና የብረቱ ፍጥነት በደቂቃ 25 ሜትር ከተባለ፣ በደቂቃ 160 ዙር ገደማ ትዞራለች፤ በየዙሩ 0.05 ሚሊ ሜትር ብትገፋ በደቂቃ 8 ሚሊ ሜትር ታህል ትሄዳለች። የ40 ሚሊ ሜትር ፊት ያለው ባለ 20 ጥርስ ማርሽ መግቢያና መውጫውን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። መጭመቂያው ለቀናት ከሚቆም ግማሽ ቀን ፍሬዛ ሥር መቆም ምን ይከፋል?

የብረቱ ምርጫ ቀጥቃጩን የሚያስገባው ቦታ ነው፣ የሚያስቆመውም እዚሁ ነው። ከባሌስትራ ወይም ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ ስለት በወናፍ እሳት ግሎ፣ ተነክሮ፣ የገለባ ቀለም እስኪይዝ ተለዝቦ ጥሩ ይቆርጣል፤ ግን ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ካለፈ ይለሰልሳል። ለነሐስ፣ ለፕላስቲክና ቀስ ብሎ ለሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ይበቃል። ያረጀ ኩሽኔታ ቀለበት ካርቦኑ ስለሚበዛ ከባሌስትራው ይሻላል። ሃይ ስፒድ የሚባለው ብረት እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ጥንካሬውን ይዞ ይቆያል፤ ለማጠንከር ግን 1,200 ዲግሪ ገደማና ጥብቅ ቁጥጥር ይፈልጋል፣ ይህ የወናፍ ሥራ አይደለም። ጥበቡ የተጠነከረ የሃይ ስፒድ ቢላ ገዝቶ በመሳያ ድንጋይ ወደሚፈለገው ቅርጽ መሳል ነው። ቅርጹን የሚያረጋግጠውም ከሁለቱ ክብ ብረቶች የተወሰደ ቀጭን የላሜራ መለኪያ ነው፤ ስለቱን አስጠግቶ ከጀርባ ብርሃን ማየት፣ ብርሃን በሾለከበት መሳል።

ሁሉም ማርሽ ግን በዚህ መንገድ አይሠራም፤ ይሠራል የሚል ባለሙያ ካጋጠመ መጠርጠር ነው። የባጃጅና የአይሱዙ ካምቢዮ ማርሾች ላያቸው የተጠነከረ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥርሳቸው ያዘነበለ፣ ከተጠነከሩ በኋላም በድንጋይ የተስተካከሉ ናቸው። የመኪና ዲፈረንሻል ኮሮናና ፒኞን ደግሞ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ ለየብቻ አይተኩም። እነዚህ ይገዙ። ቀጥ ያለ ጥርስ ያላቸው፣ በዝግታ የሚዞሩ፣ ቢሰበሩ ሰው የማይጎዱ ማርሾች ግን የአካባቢው ወርክሾፕ ድርሻ ናቸው፤ የዘይት መጭመቂያ፣ የሊጥ ማቡኪያ፣ የራሱ የቶርኖው መቀያየሪያ ማርሾች። የመጨረሻው በተለይ ለተማሪ ልምምድ ተመራጭ ነው፣ ያበላሸውን ራሱ ያየዋልና።

አዳዲስ ስልቶችም እየመጡ ናቸው። በኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀጭን ሽቦ ብረት የሚቆርጥ ማሽን የተጠነከረ ሃይ ስፒድ ላይ ኢንቮሉቱን በኮምፒውተር ሥዕል ልክ ያወጣል፤ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ተቋም ክልሉን በሙሉ በቢላ ሊያዳርስ ይችላል። በ1910 እ.ኤ.አ. ፒትለር የተባለ ጀርመናዊ ያስመዘገበው፣ ማርሽንና መቁረጫን አዘንብሎ እያዞረ የሚልጥ ስልት ማሽኖች ስላልቻሉት ለመቶ ዓመት ገደማ ተኝቶ በዚህ ክፍለ ዘመን ተነስቷል። ለእስቴና ለጋይንት ወረዳዎች ግን ከሁለቱ የሽቦው ይጠጋል፤ ሥዕሉ በስልክ ይላካል፣ ቢላዋ በአውቶቡስ ትመጣለች።

ማሠልጠኛዎቹ ፍሬዛ ሲያስተምሩ ማርሽ ያስቆርጣሉ፣ ግን ብዙ ጊዜ በተዘጋጀ መቁረጫ ነው። ሰልጣኙ 40 ዙር ለአንድ ዙር የሚያካፍለውን ዲቫይዲንግ ሄድ ያዞራል፣ 20 ጥርስ ከሆነ 2 ዙር ብሎ ይቆርጣል፣ ይመዘናል። መቁረጫው ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። የ6.84 ሒሳብ ከ10ኛ ክፍል ትሪጎኖሜትሪ አያልፍም፤ ወደ ሥልጠናው ቢገባ ተጨማሪ ማሽን አይጠይቅም። ቀጥቃጩን አስተማሪ አድርጎ ብረት ማለዘብን ማሳየት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ወጪ ነው።

የተሠራው መቁረጫ አንድ ማርሽ ቆርጦ መጣል የለበትም። ጎኑ ላይ ሞጁሉ፣ የጥርስ ቁጥሩ፣ ማዕዘኑና ጥልቀቱ ተመትቶበት፣ ለምሳሌ 2፣ 20፣ 20 ዲግሪ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ በዘይት ወረቀት ይቀመጣል። በአንድ አካባቢ የሚሸጡት መጭመቂያዎች ዓይነታቸው ጥቂት ስለሆነ ያው ማርሽ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። የመጭመቂያው ባለቤት ትንሿን ማርሽ ይዞ ሲመጣም ትልቋን አብሮ እንዲያመጣ መጠየቅ አለበት፤ በተበላ ማርሽ ላይ የገባ አዲስ ማርሽ ቶሎ ይበላልና። ትልቋ ባለ 60 ጥርስ ከሆነች መቁረጫዋ ሌላ ነው፣ ክብ ብረቶቹ 41.04 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ጎኗ ቀጥ ወደ ማለት ስለሚጠጋ ስህተትን የምትታገሰው እሷ ናት፤ ጀማሪው መጀመሪያ መቁረጥ ያለበትም እሷን ነው።